ማንም የማያነበው መስመር

ባለፈው ክረምት ባሕር ዳር አክስቴ ዘንድ ሰነበትኩ። አክስቴ ስምንት ክፍል ያለው የእንግዳ ማረፊያ አላት። ከጣና ዳር ብዙም አይርቅም፤ ግቢው መሐል አንድ ትልቅ የማንጎ ዛፍ አለ፣ የጠዋቱም የማታውም ቡና የሚፈላው እዚያው ጥላ ሥር ነው። አንድ ማታ ላፕቶፔን ከፍቼ ስሠራ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና፣ «ልጄ፣ እስቲ ይሄን ድረ ገጼን እይልኝ። የሠራልኝ ልጅ ‹ጎግል ላይ አንደኛ ይወጣሉ› ብሎኝ ከፍዬበታለሁ፤ ግን በኢንተርኔት አይቼዎት መጣሁ ያለኝ አንድ እንግዳ የለም» አለችኝ።

ገጹን ከፈትኩት። ሦስት ፎቶ፣ ስልክ ቁጥርና «እንኳን ደህና መጡ» የሚል ጽሑፍ አለው፤ ሌላ የለውም። ከዚያ ኮንትሮልንና ዩን አብሬ ስጫን ብራውዘሩ የገጹን የውስጥ ኮድ ዘርግፎ አሳየኝ። ከላይ አካባቢ አንድ መስመር ብቻውን ከስክሪኑ ወርድ አልፎ ሄዷል። ቆጠርኩት፤ 94 ቃልና ሐረግ በኮማ እየተለየ ተደርድሯል። ሆቴል፣ ርካሽ ሆቴል፣ ምርጥ ሆቴል፣ ጣና፣ ገዳማት፣ ጎንደር፣ ላሊበላ፣ እንደገና ሆቴል፣ ሠርግ፣ የአየር ትኬት፣ ዱባይ። መሐሉ ላይ የከተማው የአንድ ትልቅ ሆቴል ስም አለ። አክስቴ መነጽሯን አስተካክላ አየችውና፣ «ይሄ ሁሉ የት ነው ያለው? ገጼ ላይ አላየሁትም» አለች። አይታይም አልኳት። «ታዲያ ማን ያነበዋል?»

ያን ማታ የመለስኩላትን ትንሽ አስፍቼ እዚህ ላስቀምጠው። እንደ እሷ ለዚች መስመር ገንዘባቸውን የከፈሉ ባለ ሱቆችና አስጎብኚዎች አጋጥመውኛልና።

ድረ ገጽ ሁለት ክፍል አለው። አንዱ ሰው የሚያየው ነው፤ ጽሑፉ፣ ፎቶው፣ ስልክ ቁጥሩ። ሌላው ከዚያ በላይ የሚቀመጥ፣ በዋናነት ብራውዘሩና ሌሎች ፕሮግራሞች የሚያነቡት ራስጌ ነው። ሜታ ታግ የሚባሉት በዚህ ራስጌ ውስጥ የሚገቡ አጫጭር ማስታወሻዎች ናቸው። አንደኛው ጽሑፉ ዩቲኤፍ-8 በተባለው የፊደላት ኮድ መጻፉን ይናገራል፤ እሱ ከጎደለ አማርኛው የተዘበራረቀ ምልክት ሆኖ ሊታይ ይችላል። ሌላው የጎግልና የመሰሎቹ ፕሮግራሞች ገጹን እንዳይመዘግቡት ይከለክላል። ሦስተኛው ዲስክሪፕሽን ይባላል፤ ገጹን በአንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ያስተዋውቃል። የአክስቴ 94 ቃላት የታጨቁበት ግን ኪወርድስ፣ ማለትም ቁልፍ ቃላት የሚባለው ታግ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ የታጉ ስም ይጻፋል፣ ቀጥሎ በጥቅስ ምልክት ውስጥ ቃላቱ በኮማ ይደረደራሉ፣ አለቀ። ኮድ የማያውቅ ሰው እንኳ በአምስት ደቂቃ ይማረዋል።

ሐሳቡ ለቤተ መጻሕፍት ሰው እንግዳ አይደለም። በተማሪነቴ ወመዘክር ስገባ መጀመሪያ የምሄደው ወደ ካርዶቹ መሳቢያ ነበር። መጽሐፉን በደራሲው ስም፣ በርእሱ፣ ካልሆነም በሚያወራው ጉዳይ መፈለግ ይቻላል። አንድ መጽሐፍ ርእሱ ላይ «ቡና» የሚል ቃል ባይኖረውም ስለ ቡና የሚያወራ ከሆነ፣ አንድ ትጉ ሰው አንብቦ «ቡና» በሚለው ካርድ ሥር አስገብቶታል። ቁልፍ ቃል ማለት ይኸው ነው። ልዩነቱ አንድ ነው፤ ካርዱን የሚጽፈው የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ነው፣ መጽሐፉ ቢነበብም ባይነበብም የሚያተርፈው ነገር የለም። በድረ ገጽ ላይ ግን ካርዱን የሚጽፈው ባለ ገጹ ራሱ ነው። ከዚህ በኋላ የማወራው ታሪክ ሁሉ የመጣው ከዚች ልዩነት ነው።

ዘመኑን እናስታውስ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 15 ቀን 1995 ዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ አልታቪስታ የተባለውን የኢንተርኔት መፈለጊያ ለሕዝብ ከፈተ። ጎግል ገና አልተወለደም። የዚያን ጊዜ መፈለጊያ አንድን ገጽ የሚመዝነው በዋናነት ገጹ ላይ ባሉት ቃላት ነው። ገጹ «አውቶሞቢል» ብሎ ከጻፈና ፈላጊው «መኪና» ብሎ ከጠየቀ አይገናኙም፤ ማሽኑ ሁለቱ አንድ ነገር መሆናቸውን በምን ያውቃል? ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1996 አልታቪስታና ሌላው መፈለጊያ ኢንፎሲክ ባለ ገጾች በኪወርድስ ታግ ውስጥ ያስቀመጡትን ቃል ማንበብ ሲጀምሩ ተገቢ ነገር ነው ያደረጉት። ባለቤቱ ገጹን ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ እስቲ እሱ ይንገረን አሉ።

የታጉን ቅን አሳብ በደንብ የሚያሳየኝ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የኤችቲኤምኤል (የድረ ገጽ መጻፊያ ቋንቋ) 4.01 መመዘኛ ውስጥ ያለው ምሳሌ ነው። ገጹ ስለ ግሪክ ሽርሽር ነው እንበል። መመዘኛው ሦስት የቁልፍ ቃል መስመር ያሳያል። አንዱ በአሜሪካ እንግሊዝኛ ነው፣ ዕረፍትን «ቬኬሽን» ይለዋል። ሁለተኛው ለሌላው እንግሊዝኛ ተናጋሪ «ሆሊዴይ» ይላል። ሦስተኛው ፈረንሳይኛ ነው። ዕረፍት፣ ግሪክ፣ ፀሐይ፤ ሦስት ቃል ብቻ፣ ለሦስት ዓይነት ፈላጊ። የአንዱ አገር ሰው በራሱ ቃል ሲፈልግ ባዶ እጁን እንዳይመለስ የታሰበ ነገር ነው። ይህን ምሳሌ ሳየው ሁሌም ደስ ይለኛል።

ግን የማይታይ ቦታ ነበር፤ ችግሩም ይኸው ነው። ባለ ገጹ እዚያ ውስጥ የፈለገውን ቢጽፍ ጎብኚው አያየውም፤ ስለዚህ የሚታዘበው የለም። ጫማ የሚሸጠው ሰው የታዋቂ ዘፋኝ ስም ይጨምራል። ሌላው «ነፃ» የሚለውን ቃል መቶ ጊዜ ይደግማል። ሌላው የተፎካካሪውን ስም ያስገባል፣ ልክ አክስቴ ገጽ ላይ እንዳየሁት። ፈላጊው ዘፈን ብሎ ሲገባ ጫማ ያገኛል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ ከተታለለ ደግሞ የሚጠላው ጫማ ሻጩን አይደለም፣ መፈለጊያውን ነው።

ይህን በጊዜ የተረዱት የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የነበሩት ሰርጌይ ብሪንና ላሪ ፔጅ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1998 ጎግልን ባስተዋወቁበት ጥናት ላይ፣ ለተጠቃሚው በቀጥታ የማይታይ ማንኛውም ጽሑፍ መፈለጊያን ለማታለል ስለሚውል በእንዲህ ዓይነት መረጃ ላይ የተሞከረው ሥራ በአብዛኛው እንደከሸፈ ጽፈዋል። እነሱ የያዙት መንገድ ሌላ ነው። አንድ ገጽ ስለራሱ ከሚለው ይልቅ ሌሎች ገጾች ስለእሱ የሚሉትን ይሰማሉ። ማን ሊንክ አድርጎለታል? ሊንክ ያደረገው ራሱስ በማን የተመሰከረለት ነው? ሊንኩ ላይ የተጻፈው ቃል ምን ይላል? የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥያቄዎች የሚመልሰውን ስሌት ፔጅራንክ አሉት። ሽማግሌ ፊት ቀርቦ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፤ ባለጉዳይ አቤቱታውን ያሰማል እንጂ ለራሱ ምስክር ሆኖ አይቆጠርም። ምስክር ከውጭ ይጠራል።

ነገሩ ፍርድ ቤትም ደርሷል፤ አንዱን መዝገብ በተለይ ላንሳው። ብሩክፊልድ ኮሙኒኬሽንስ የተባለ የካሊፎርኒያ ኩባንያ «ሙቪባፍ» የሚባል የፊልም መረጃ ሶፍትዌር ይሸጥ ነበር። ዌስት ኮስት ኢንተርቴይንመንት የተባለው ቪዲዮ አከራይ ደግሞ በዚያው ስም ድረ ገጽ ሊከፍት ተነሣ፤ ክርክሩ ስሙን በሜታ ታግ ውስጥ መጠቀምንም ይጨምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ዘጠነኛው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት አይቻልም አለ። ዳኞቹ የሰጡት ምሳሌ እንዲህ ነው፤ አንድ ቪዲዮ አከራይ አውራ ጎዳና ላይ «ዌስት ኮስት በ7ኛው መውጫ ይገኛል» የሚል ቢልቦርድ ተከለ እንበል። በእውነት ዌስት ኮስት ያለው 8ኛው መውጫ ላይ ነው፤ 7ኛው ላይ ያለው ቢልቦርዱን የተከለው ተፎካካሪ ነው። ሰው በ7ኛው ይወጣል፣ የፈለገውን ያጣል፣ ግን አንዴ ከወጣ ወዲያ እዚያው ያገኘውን ይከራያል። በሰው ስም የተሞላ የማይታይ ታግ ሥራው ይህ ነው አሉ። የሚገርመው የውሳኔው ጥንቃቄ ነው። «ሙቪ ባፍ» በእንግሊዝኛ ፊልም ወዳድ ማለት ስለሆነ፣ ሁለት ቃል ተደርጎ በክፍተት ከተጻፈ ዌስት ኮስት ሊጠቀምበት ይችላል፤ ክፍተቱን አጥፍቶ አንድ ቃል ካደረገው ግን የብሩክፊልድ ንብረት ነው። የፍርዱ ሚዛን በአንድ ባዶ ቦታ ላይ አረፈ።

ያው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2002 በሌላ ጉዳይ፣ ቴሪ ዌልስ የተባለችው ሞዴል የፕሌይቦይን ስም በታጓ ውስጥ መጠቀሟን ፈቀደ። እ.ኤ.አ. በ1981 የመጽሔቱ የዓመቱ ሞዴል ሆና በእርግጥ ተመርጣ ነበርና፣ ስሙን የጠራችው ስለራሷ እውነቱን ለመናገር ነው። ይህን ፍርድ እወደዋለሁ። ዳኞቹ ቃሉ እውነት መሆኑን ጠይቀዋል፤ ማሽኑ ግን ይህን መጠየቅ አይችልም ነበር፤ ታጉን የገደለውም ይኸው ነው።

አሟሟቱ ቀስ ብሎ የመጣ ነው። አልታቪስታ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2002 ታጉን ማንበብ አቆመ። በዚያው ዓመት የፍለጋውን ዓለም ለዓመታት ሲከታተል የቆየው ጋዜጠኛ ዳኒ ሰሊቫን ታጉ መሞቱን ጻፈ። ጎግል በይፋ የተናገረው ግን ቆይቶ ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 2009 ማት ከትስ የተባለው የኩባንያው ኢንጂነር፣ ጎግል ድረ ገጾችን ደረጃ ሲሰጥ የኪወርድስ ታግን እንደማይጠቀም ጻፈ። ምክንያት ያደረገው አንዱ ጉዳይ ሰዎች «ተፎካካሪዬ ስሜን በታጉ ውስጥ አስገባብኝ» እያሉ መካሰሳቸው ነው። ማሽኑ ለማይሰማው ቃል ጠበቃ ይከፍሉ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ የሆነችውን ትንሽ ነገር ልንገራችሁ፤ የመፈተኛ ዘዴ ታስተምራለች። ጎግል በተናገረ በሳምንታት ውስጥ ያሁም ታጉን አልጠቀምም አለ። ሰሊቫን በቃል አላመነም። በዓለም ላይ ማንም የማይጽፈው ትርጉም የለሽ የፊደል ክምር ፈጠረና በገጹ የኪወርድስ ታግ ውስጥ ብቻ አስቀመጠ። ቆይቶ ያንኑ ክምር ያሁ ላይ ሲፈልገው ገጹ ወጣ! ያሁም መዝግቦ የሚያስቀምጠው መሆኑን፣ ለደረጃ ግን እጅግ ዝቅተኛ ክብደት እንደሚሰጠው አስተካክሎ ተናገረ። አንድ ሰው «ይህ ነገር ጎግል ላይ ይሠራል» ካላችሁ ተመሳሳይ ፈተና ማድረግ ትችላላችሁ፤ ወጪው ዜሮ ነው። የማይክሮሶፍቱ ቢንግ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 ታጉ ለፍለጋ ደረጃ ያለው ዋጋ እንዳበቃለት በግልጽ ጽፏል፤ ከዚያም በፊት ከቢንግ ሰዎች የተሰማው በማይገባ ቃል የተሞላ ታግ የአጭበርባሪ ምልክት ሆኖ ሊታይ እንደሚችል ነው። የሩሲያው ያንዴክስ ግምት ውስጥ ሊያስገባው እንደሚችል ለባለ ገጾች ባዘጋጀው መመሪያ ጠቅሷል። በራሳቸው ድርጅት ውስጥ የሰነድ መፈለጊያ ያላቸው ተቋማትም ሊጠቀሙበት ይችላሉ፤ እዚያ ካርዱን የሚጽፈው የሚታመን ሠራተኛ ነውና።

እዚህ ላይ ነው አክስቴ ያላሰብኩትን ጥያቄ የጠየቀችኝ። «ባሕር ዳር የሚለውን ምን ብሎ ጽፎታል?» አለች። አየሁት፤ በ‹ህ› ነው፣ «ባህር ዳር»። አንዴም በ‹ሕ› አልተጻፈም። በእንግሊዝኛ ፊደልም የለም። አገናኝቶ «ባሕርዳር» የሚለውም የለም። በ94 ቃል ውስጥ የከተማው ስም በአንድ ዓይነት አጻጻፍ ብቻ ነው ያለው።

ይህ ታግ ለየትኛውም ቋንቋ ይጠቅም ነበር ከተባለ ለአማርኛ ነበር። «ፀሐይ» የምትለዋን ቃል ውሰዱ፣ ከግሪኩ ምሳሌ የመጣችውን። የመጀመሪያው ፊደል ‹ፀ› ወይም ‹ጸ› ይሆናል። ሁለተኛው ‹ሐ›፣ ‹ሀ›፣ ‹ኀ›፣ ወይም ‹ሓ›፣ ‹ሃ›፣ ‹ኃ› ሊሆን ይችላል። ሁለት በስድስት ሲባዛ 12 ነው። አንባቢ አሥራ ሁለቱንም አንድ ዓይነት አድርጎ ያነባቸዋል፤ ለኮምፒውተር ግን እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ስላለው፣ አስቀድሞ ካልተማረ በቀር 12 የተለያዩ ቃላት ናቸው። በዚያ ላይ ቃላችን ብቻውን አይሄድም፤ ሆቴል፣ ሆቴላችን፣ በሆቴሉ፣ የሆቴሎቻችንም እያለ ከፊትም ከኋላም ይለብሳል።

ታጉ በነገሠበት ዘመን ደግሞ የእኛ ፊደል ገና መንገድ ላይ ነበር። የኢትዮጵያ ፊደል ለየፊደሉ ቁጥር ወደሚሰጠው ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት የአማርኛ ፎንት አዘጋጆች በየራሳቸው አመዳደብ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ፊደሎቻችንን ያስቀምጡ ነበር። ፎንቱ ያለው ሰው አማርኛ ያነባል፤ አልታቪስታ ግን የሚያየው የተዘበራረቀ ላቲን ነው። እንዲህ ላለ ገጽ በታጉ ውስጥ በእንግሊዝኛ «ኢትዮጵያ፣ አማርኛ፣ ዜና» ብሎ መጻፍ ማሽኑ የሚገባውን ቃል ማቀበል ነበር። ዩኒኮድ ተስፋፍቶ አማርኛን በአማርኛ መፈለግ የተለመደ ነገር ሲሆን፣ ታጉ አብቅቶለት ነበር። ከሚያስፈልጋቸው ቋንቋዎች ከአንዱ ጋር ሳይገናኝ ቀረ፤ ይህ ከልቤ ያሳዝነኛል።

ታዲያ ዛሬ ታጉ ይሠራው የነበረው ሥራ የት ይሠራ? ሰው በሚያየው ጽሑፍ ውስጥ ነው፤ ሌላ ቦታ የለም። ለአክስቴ ያደረግነውን ልንገራችሁ። መስመሩን ሙሉ በሙሉ አጠፋነው። የገጹ ርእስ፣ ብራውዘሩ ላይ ከላይ የሚታየውና ጎግልም በፍለጋው ውጤት ላይ ብዙ ጊዜ የሚያወጣው፣ «ሆም» ይል ነበር፤ የማረፊያዋን ስምና «ባሕር ዳር» የሚለውን አስገባንበት። ዲስክሪፕሽኑን በሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፍን፤ ጎግል እሱን ለደረጃ አይጠቀምበትም፣ ግን ከርእሱ ሥር ብዙ ጊዜ የሚታየው ጽሑፍ እሱ ስለሆነ ሰው ለመግባት የሚወስነው እሱን አይቶ ነው። ከዚያ ወደ ዋናው ጽሑፍ ሄድን። እሷ ተናገረች፣ እኔ ጻፍኩ። ከመነኻሪያው በባጃጅ በስንት ደቂቃ እንደሚደረስ። ወደ ዘጌ ገዳማት የሚሄደው ጀልባ ከየት እንደሚነሣ፣ እንግዳ ለጉዞው ምን ይዞ ቢሄድ እንደሚበጀው። የጾም ቁርስ መኖሩን። ውኃ ሲጠፋ ታንከር እንዳላት። የክፍሉን ዋጋ ጭምር። የከተማውን ስም በ‹ሕ› ጻፍነውና አድራሻው ላይ በእንግሊዝኛ ፊደልም ደገምነው። ከታች እንግዶች በሚጠይቁት ጥያቄ መልክ «ባህር ዳር ስንት ቀን ልቆይ?» የሚል ክፍል ጨመርን፤ ያኛው አጻጻፍም ያለ ጭንቅ ቦታውን አገኘ። እኩለ ሌሊት ሲሆን ገጹ ላይ ወደ አራት መቶ ቃል ደርሰን ነበር፤ ሁሉም የሚታይ፣ ሁሉም እውነት፣ ስህተት ቢኖርበት እንግዳው ራሱ መጥቶ የሚያርመው።

የከተማውን ትልቅ ሆቴል ስም በተመለከተ አክስቴ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «የሰው ስም እኔ ቤት ምን ይሠራል? አውጣልኝ» አለች።

እናንተም ድረ ገጽ ካላችሁ ዛሬ ማታ በኮምፒውተር ክፈቱት፤ ኮንትሮልንና ዩን ተጫኑ፣ ከዚያ ኮንትሮልንና ኤፍን ተጫኑና በእንግሊዝኛ ፊደል «ኪወርድስ» ብላችሁ ፈልጉ። ረጅም የቃል ድርድር ካገኛችሁ፣ ተፎካካሪያችሁም በዚያው መንገድ ሊያነበው እንደሚችል እወቁ። ለዚያ ድርድር የከፈላችሁት ሰው ካለ ደውሉለትና፣ እንግዳ የሚያየው ጽሑፍ ላይ ምን እንደጻፈላችሁ ጠይቁት።